የእትዬ በረኪና ያልተጠረገ ሳጥን

ወደ እትዬ በረኪና ክፍል ዝንብ ስትገባ እግሯን ጠርጋ ነው ይባላል። ወሬውን ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን አላስተባበሉትም። እንዲያውም በመሥሪያ ቤቱ ካፌ ጨዋታው ሲነሳ ሻያቸውን ፉት ብለው፣ «ያልጠረገችውን መቼ አስገባለሁ» ነው የሚሉት። ፊታቸው ላይ የቀልድ ምልክት ፈልጎ ያገኘ የለም።

በረኪና የሚለውን ስም ያወጣላቸው አረፋ ነው። አረፋ የልብስ እጥበት ክፍሉ ሠራተኛ ሲሆን፣ ቀኑን ሙሉ እስከ ክርኑ ሳሙና ውስጥ ስለሚውል እሱም የራሱን ስም ካጣ ቆይቷል። ሊያበሽቃቸው ብሎ ያወጣውን ስም እሳቸው እንደ ማዕረግ ተቀበሉት። አሁን እናት አባታቸው ባወጡላቸው ስም የሚጠራቸው ቢኖር፣ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏቸው ዞር ብለው ያያሉ።

ሥራቸው አይጥ ማሳደግ ነው። ይህ እንደ ቀላል ነገር እንዳይታይ። መሥሪያ ቤቱ የምርምር ተቋም ነው፤ የሳቸው ክፍል ደግሞ ከምድር ቤቱ ኮሪደር መጨረሻ፣ እንፋሎት ከሚያፏጨው የመቀቀያ ማሽን አጠገብ ነው። ግድግዳው ላይ ከላይና ከታች ሁለት መደርደሪያ አለ፤ መደርደሪያው ላይ ክዳናቸው አየር የሚያጣራ የፕላስቲክ ሳጥኖች፣ በሳጥኖቹ ውስጥ ነጫጭ አይጦች። እነዚህ አይጦች ከተወለዱ ጀምሮ ባክቴሪያ የሚባል ነገር ገላቸውንም ሆዳቸውንም ነክቶት አያውቅም። ምግባቸው የተቀቀለ ነው፤ ውሃቸው የተቀቀለ ነው፤ የሚተኙበት ሰጋቱራ ሳይቀር ተቀቅሎ ነው የሚነጠፍላቸው። እትዬ በረኪና ወደነሱ ከመግባታቸው በፊት ታጥበው፣ ጋዋን ለብሰው፣ ጓንት አጥልቀው፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ሲጨርሱ ከሳቸው የሚታየው ግንባራቸው ብቻ ነው። እሱም ያብረቀርቃል።

በራቸው ላይ የናስ ሰሌዳ አለ። «የዓመቱ ንጹሕ ክፍል» ይላል። በየዓመቱ ፍተሻ እየተደረገ ላሸነፈው ክፍል የሚሸጋገር ሰሌዳ ነው፤ ነው ይባላል እንጂ ሲሸጋገር ያየ የለም። እትዬ በረኪና ከመጡ ወዲህ ከበራቸው ሳይነቀል ኖሮ ብሎኖቹ ከበሩ ጋር ተዋልደዋል።

ባላቸው ጎሚስታ ናቸው። ጎማ ሲፈቱና ሲለጥፉ ውለው ሲመጡ እጃቸው ከጎማው አይለይም። እትዬ በረኪና ለዚያ እጅ የተለየ ፎጣ፣ ለፎጣው የተለየ ሚስማር፣ ለሚስማሩ የተለየ ግድግዳ መድበውለታል። እንዲህም ሆኖ ተፋቅረው ነው የኖሩት፤ ሰላምታው ብቻ በክርን ነው።

ታዲያ ነገሩ የጀመረው አንዲት መነጽራም ወጣት ዶክተር ያንን ክፍል ለምርምሯ ስትረከብ ነው። ዶክተሯ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር። በአንጀት ውስጥ የሚኖረው ባክቴሪያ ይቆጠር ቢባል ቆጣሪው አርጅቶ ልጆቹ ይረከቡታል። በዚያው አንጀት ግድግዳ ውስጥ ደግሞ ሰውነትን ከወራሪ የሚጠብቁ ሴሎች እንደ ጦር ሰፈር ተኮልኩለዋል። ሁለቱ ጎን ለጎን ዕድሜ ልካቸውን ይኖራሉ። ለምን አይደባደቡም? ለምን አንጀታችን በየቀኑ ሲቆጣና ሲያብጥ አይውልም?

እትዬ በረኪና ይህን ጥያቄ አያውቁትም ነበር። እሳቸው የሚያውቁት ዶክተሯ በወጉ አለመብላቷን፣ ቦት ጫማዋን ግን በደንብ መጥረጓን ነው፤ ስለ ሁለተኛው ሲሉ የመጀመሪያውን ይቅር ብለዋታል።

አንድ ማለዳ እትዬ በረኪና እንደ ልማዳቸው ከሁሉም ቀድመው ገቡ፤ ቀድመው የገቡ መሰላቸው። የላይኛውን መደርደሪያ ቀና ብለው ሲያዩ በቆሙበት ቀሩ። ጡት ሊተዉ የደረሱት ግልገሎች ባሉበት በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ፣ ነጩ ሰጋቱራ ላይ ሌላ ሰጋቱራ ተነስንሷል። ቡኒ ነው፣ ይሸታል፣ የሌላ አይጥ ኩስ አለበት። በሳጥኖቹ ፊት ላይ ደግሞ የሆነ ነገር የተጫረበት ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል።

የታችኛው መደርደሪያ ግን ንጹሕ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር። እትዬ በረኪና አልጮሁም። መጀመሪያ የመጣላቸው፣ ከመሥሪያ ቤቱ ተለማማጆች አንዱ ተሳስቶ ተራ አይጦች ካሉበት ሕንፃ የመጣ ቆሻሻ ሰጋቱራ ደፍቶ በድንጋጤ ሸሽቷል የሚል ነው። ሁለተኛው የመጣላቸው ደግሞ ይህ ልጅ ከተነቃበት ይባረራል የሚል ነው። እትዬ በረኪና ጉረኛ ናቸው እንጂ የሰው ገመና አውጪ አይደሉም። ግልገሎቹ ገና እናታቸው ሥር ተወሽቀው ሳሉ፣ ቆሻሻው ሳይነካቸው አንድ በአንድ አንስተው ወደ አዲስ ሳጥን አዛወሯቸው፤ ሰጋቱራውን አቃጠሉት፤ ሳጥኖቹን ቀቀሉ፤ የቀቀሉትን መልሰው ቀቀሉ። ቢጫውን ወረቀትም ሙጫው አቧራ ይሰበስባል ብለው ላጡት፤ ማንበብ መነጽር ማውጣትን ይጠይቃል፣ መነጽራቸው ደግሞ ከጋዋኑ ሥር ነበር። ከዚያ ለማንም ሳይናገሩ በሰው ልጅ ክብር ጠባቂነታቸው እየኮሩ ቁርሳቸውን በሉ።

ዶክተሯ ያን ቀን ወደ ስልጠና ሄዳ ነበር። ስትመለስ የሰጋቱራ መቀየሪያው ቀን አልፎ ስለነበር ሁሉም ሳጥን ነጭ መሆኑ አላስገረማትም።

አይጦቹ አደጉ። ዶክተሯ ለላይኞቹም ለታችኞቹም በውሃቸው ውስጥ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ሰጠቻቸው። ብዙም ሳይቆይ የላይኞቹም የታችኞቹም ከሱ፤ ሆዳቸው ተበላሸ፤ አንጀታቸው ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ያበጠና የቀላ ሆነ። ዶክተሯ የላይኞቹ ደህና ይሆናሉ ብላ ስለነበር፣ ውጤቱን ስታይ የሰው ሬሳ የምታይ መሰለች። ምርምሩ ይዘጋ ተባለ።

ለመዝጊያው ስብሰባ የተጠሩት ሦስት ናቸው፤ ዶክተሯ፣ እትዬ በረኪና እና የጽዳቱ ኃላፊ ሻለቃ። ሻለቃ ወታደር ሆነው አያውቁም፤ ሲራመዱ ግን ወለሉ ሰላምታ ይሰጣል።

«እኔ እንደሚመስለኝ» አሉ ሻለቃ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ክፍሉ ውስጥ የሆነ የንጽሕና ጉድለት ሳይኖር አይቀርም። እትዬም ደክሟቸዋል። ለጊዜው ወደ አትክልቱ ቢዛወሩ…»

እትዬ በረኪና ቀስ ብለው ቀና አሉ። በአትክልት ቦታ አፈር አለ።

«የኔ ክፍል ጉድለት? እሺ። ዝም ልል ነበር፣ እናንተ ናችሁ ያናገራችሁኝ። እኔ እንኳን የራሴን፣ ሰው ደፍቶ የሄደውን ቆሻሻ ለቅሜ ያቃጠልኩ ሴት ነኝ። ሻለቃ፣ እርስዎ ያን ቀን የት ነበሩ?»

«የቱን ቀን?» አለች ዶክተሯ።

«ግልገሎቹ ጡት ሊተዉ ሲሉ ነዋ። የላይኛው መደርደሪያ ላይ አንድ ባለጌ የሌላ አይጥ ሰጋቱራ ደፍቶበት አገኘሁ። ኩሱ ራሱ ትኩስ ነበር። ማንም ሳያይ ሙልጭ አደረግኩት።»

ዶክተሯ መነጽሯን አወለቀች።

«እትዬ፣ ቢጫ ወረቀት ነበረው?»

«ነበረው። ላጥኩት። ሙጫው አቧራ…»

ዶክተሯ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሻለቃ ውሃ ሊያመጡ ተነሱ፤ እትዬ በረኪናም መሃረባቸውን አወጡ። ቀና ስትል ግን እንባዋ የሳቅ ነበር።

«እትዬ፣ ያ ባለጌ እኔ ነኝ።»

«ምን ማለትሽ ነው ዶክተርዬ?»

«ሰጋቱራውን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ከተራ አይጦች አምጥቼ። ወረቀቱም 'አይነካ' ነበር የሚለው።»

«ሆን ብለሽ?»

«ሆን ብዬ።»

«ሰው ያን ሁሉ ዓመት ተምሮ…» አሉና የቀረውን ዋጡት።

ዶክተሯ ወንበሯን ወደሳቸው ሳበች። «ይስሙኝ እትዬ። አንጀት ውስጥ አስተማሪ የሆኑ ሴሎች አሉ። ከባክቴሪያው ቁራጭ ይይዙና ገና ሥራ ላልጀመሩት ወጣት ሴሎች ያሳያሉ። 'ይሄን አያችሁት? የቤት ሰው ነው፤ ስታገኙት እንዳትደባደቡ' ይሏቸዋል። ከወጣቶቹ አንዳንዶቹ ይህን ተምረው አብራጅ ይሆናሉ። ሌሎቹ ጠባቂዎች ሊቆጡ ሲነሱ፣ 'ተው፣ ረጋ በል' የሚሉ።»

«ባለጌ ባክቴሪያ ቢመጣስ? ግድግዳ ጥሶ የሚገባ?»

«እሱን ይመቱታል፣ ለሱ ነው ጠባቂ የሆኑት። እኔ የምለው ስለ ሰላማዊው ነው። ትምህርቱ ደግሞ የሚሰጠው በልጅነት ነው፤ ግልገሉ ወተት ትቶ ምግብ ሲጀምር። ያኔ ያላዩትን ባክቴሪያ ካደጉ በኋላ ድንገት ሲያዩት ሌባ ይመስላቸዋል። ሰፈሩን በሙሉ ይቀሰቅሳሉ። በኋላ በውሃ የምሰጣቸውን ባክቴሪያ የላይኞቹ በልጅነታቸው እንዲያዩት ነበር ሰጋቱራውን ያመጣሁት።»

እትዬ በረኪና መሃረባቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን ጥያቄ ጠየቁ።

«እና የኔ ጽዳት ይሄን ያህል ጎበዝ ነው?»

«ምን?»

«አንድ ባክቴሪያ እንኳ አላስተረፍኩም ማለት ነዋ።»

«አላስተረፉም እትዬ» አለች ዶክተሯ። «አንድም።»

እትዬ በረኪና ወደ ሻለቃ ዞረው ተመለከቱ። አትክልቱ ድጋሚ አልተነሳም።

ያን ቀን ማታ ታሪኩን ለባላቸው ነገሯቸው። ጎሚስታው በጥሞና ሰሙ፣ አሰቡ፣ ከዚያ ጥቁር እጃቸውን ሳይታጠቡ ወደ ማዕዱ ሰደዱ።

«ምን እያደረግክ ነው አንተ ሰውዬ?»

«አብራጅ ላሳድግ ነው።»

«ያንተ ጡት መተያ ጊዜ አልፏል። ደግሞ ዶክተሯ ይህ የአይጥ ነው፣ እጅ መታጠብ አይቀርም ብላለች። ታጠብ።»

ታጠቡ። ፎጣውም ከግድግዳው ወረደ።

ምርምሩ እንደገና ተጀመረ። አዲስ ግልገሎች ተወለዱ፤ ጡት መተያቸው ሲደርስ ዶክተሯ ከእትዬ በረኪና ጋር ሆና የላይኛው መደርደሪያ ላይ ቡኒውን ሰጋቱራ ነሰነሰች። የታችኛው እንደ ድሮው ንጹሕ ሆኖ ቀረ። «እኔ እስክነግርዎት ድረስ የላይኛው አይነካም» አለች። እትዬ በረኪና፣ «እኔ አይነካም ካልኩ አይነካም» አሉ። ይህን ሲሉ የሰሌዳው ፍተሻ ሳጥኖቹ ገና ከነቆሻሻቸው ሳሉ እንደሚደርስ ትዝ አላላቸውም።

ትዝ ሲላቸው ሄደው ሻለቃን አነጋገሯቸው።

«በሳይንስ ላይ አስተያየት የለኝም» አሉ ሻለቃ። «ቆሻሻ ላይ ግን አለኝ። ደንቡ ቆሻሻ ያለበት ክፍል ሰሌዳ አይወስድም ይላል። ፍተሻውን ላስተላልፍ ብል ነገ ሁሉም አይጥ አለኝ ይለኛል።»

ግልገሎቹንም ትንሽ ቆይታችሁ እደጉ ማለት አይቻልም። ነገሩ ያለቀለት ነበር፤ ወይ ሰጋቱራው ይቆያል፣ ወይ ሰሌዳው።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት እትዬ በረኪና እንዴት እንዳሳለፏቸው የሚያውቀው ክፍሉ ነው። የላይኛውን መደርደሪያ መንካት ስላልቻሉ ሌላውን ሁሉ ነኩ። ወለሉን ጠረጉ፤ ጣሪያውን ጠረጉ፤ አምፖሉን ፈትተው አጠቡት፤ የበሩን ማጠፊያ አወለቁት፤ መወልወያውን የሚወለውሉበት ሌላ መወልወያ ገዙ። እጃቸው ባለቤቱን አልሰማ ብሎ ወደ ላይ ሲነሳ በሌላኛው እጃቸው ይዘው ያወርዱታል። ኮሪደሩን ጨርሰው መንገድ ሊጀምሩ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ቤት ሲገቡ ጎሚስታውን ይፈትጓቸዋል፤ ሰውየው በዚያ ሰሞን ነጭ ሆነው ሥራ ሲገቡ ደንበኞቻቸው አላወቋቸውም።

«ሰሌዳውን ታጪያለሽ ማለት ነው?» አሏቸው አንድ ምሽት እየተፈተጉ።

«አጣለሁ።»

«ታዲያ ለፍተሻው ቀን ቀይሪውና ዝም በይ። ማን ያይሻል?»

«አንጀታቸው ያየኛል» አሉ እትዬ በረኪና።

የፍተሻው ማለዳ ግን እግራቸው ብቻውን ወደ መቀቀያው ማሽን ወሰዳቸው። ትኩስ፣ ነጭ፣ እንደ አዲስ ዳቦ የሚሸት ሰጋቱራ በባልዲ ሞልተው ወደ ክፍሉ ገቡ። በላይኛው መደርደሪያ ፊት ቆሙ። አንድ ግልገል በቡኒው ሰጋቱራ ላይ ተቀምጦ፣ በፊት እግሮቹ ምግቡን ይዞ፣ ያለ ምንም ሐሳብ ይቆረጥማል። ጢሙ ላይ ቆሻሻ አለ። እትዬ በረኪና ዕድሜያቸውን ሙሉ እንደዚህ ያለ ጢም አይተው ዝም ብለው አያውቁም።

በዚህች ሆድ ውስጥ አሁን፣ አሁኑኑ፣ አስተማሪው እያስተማረ ነው ብለው አሰቡ። እኔ ደግሞ ባልዲ ይዤ የትምህርት ክፍሉን ሰብሬ ልገባ ነው።

ባልዲውን ይዘው ወጡ። ኮሪደሩ ላይ አስቀምጠውት፣ እንዳያታልላቸው ክዳኑን ገጥመው፣ ተመልሰው በሩ ላይ ቆሙ።

ሻለቃ ነጭ ጓንት አጥልቀው መጡ። መደርደሪያውን ዳሰሱ፣ ጓንቱ ነጭ ሆኖ ተመለሰ። የበሩን አናት ዳሰሱ፣ ነጭ። ከቧንቧው ጀርባ ጣታቸውን አስገቡ፣ ጓንቱ ሲገባ ከነበረው ነጥቶ ወጣ። ከዚያ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ቀና አሉ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሰጋቱራ።»

«ቆሽሿል።»

«በሚገባ።»

«ይቀየር ብልስ?»

«ቢሉም አይቀየርም።»

ሻለቃ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እትዬ፣ እኔ ሰሌዳውን መንቀል ደስ የሚለኝ ይመስልዎታል? ዞር ልበልልዎት። ሻይ ጠጥቼ ልመለስ። ስመለስ ነጭ ከሆነ አላየሁም።»

ይህ ከሻለቃ አፍ ሲወጣ እሳቸውም ራሳቸው ደነገጡ።

«አመሰግናለሁ» አሉ እትዬ በረኪና። «ሻዩን ግን ፍተሻውን ከጨረሱ በኋላ ይጠጡ። ሲመለሱ መፍቻ ይያዙ፤ ብሎኑ ጠንካራ ነው።»

ሰሌዳው ለልብስ እጥበት ክፍል ተፈረደ። አረፋ ሊነቅለው መጥቶ መፍቻ ሰበረ፤ ሁለተኛ መፍቻ አምጥቶ ራሱ ሊሰበር ምንም አልቀረው። በመጨረሻ ጎሚስታው ተጠርተው መጡ፤ የከባድ መኪና ጎማ እንደሚፈቱ አድርገው ትንፋሻቸውን ስበው አላቀቁት። በሩ ላይ የጣታቸው ጥቁር አሻራ ቀረ። እትዬ በረኪና ወዲያው ጠረጉት፤ ሰው በአንድ ቀን ሁሉን ነገር መተው አይችልም።

በማግስቱ ካፌ ውስጥ አረፋ ጠረጴዛቸው ላይ ተደግፎ፣ «እትዬ፣ ሰሌዳው የኔ በር ላይ እንዴት እንደሚያምር መጥተው አይዩልኝም?» አላቸው።

«እመጣለሁ፤ ግን ግራ ጎኑ ሁልጊዜ አቧራ ይይዛል። በጥጥ ጠረግ አድርገው። ከታመምክ ጥራኝ፣ እኔ እጠርግልሃለሁ።»

«አልተናደዱም እንዴ?»

«ስማ አረፋ፤ ማጽዳት ማንም ያጸዳል። አንተም እያጸዳህ ነው። እስቲ ተው ሲሉህ ተው።»

አረፋ ሻያቸውን ጋበዛቸው።

አይጦቹ አደጉ፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ተሰጣቸው፤ ዶክተሯም መብላቷን አቆመች። እትዬ በረኪና በየቀኑ የላይኞቹን ሆድ ይቃኛሉ፤ እርጉዝ ልጅ ያላት እናት እንኳ እንዲህ አትቃኝም። የታችኞቹ እየከሱ መጡ። የላይኞቹ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ይወፍራሉ።

በመጨረሻ ዶክተሯ ወደ ላይኛው ፎቅ፣ ወደ ማይክሮስኮፑ ጠራቻቸው። በሩ ላይ ጫማቸውን ሁለቴ ጠርገው ገቡ። መጀመሪያ ያሳየቻቸው የታችኛው አይጥ አንጀት ነው፤ ያበጠ፣ የተፈረፈረ፣ ጠባቂ ሴሎች እንደ ሰልፈኛ የተጨናነቁበት። ከዚያ ናሙናው ያለበትን ስስ መስታወት ቀየረች። የላይኛው አይጥ አንጀት ታየ፤ ጣት ጣት የሚመስሉ እጥፋቶች ጎን ለጎን በሥርዓት ቆመዋል፣ ከውጭ በኩል ባክቴሪያው እንደ ጉድ ይተራመሳል፣ ከግድግዳው ወዲህ ደግሞ ጸጥታ ነው።

«እነዚያ አረንጓዴ ቀለም የተቀቡት» አለች ዶክተሯ፣ «አብራጆቹ ናቸው።»

እትዬ በረኪና ዓይናቸውን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሱ፣ «ቁጭ ብለው ነው እንዴ?» አሉ።

«ሲታዩ ምንም የማይሠሩ ይመስላሉ። ግን ሌሎቹን ይዘው የሚያረጋጉት እነሱ ናቸው።»

«አውቀዋለሁ» አሉ እትዬ በረኪና። «እጅ ይበላል።»

ውጤቱ በተቋሙ ትልቁ አዳራሽ የቀረበ ዕለት እትዬ በረኪና የፊተኛው ረድፍ ላይ፣ ጋዋናቸው በስታርች ቆሞ ያለሳቸውም ሊቀመጥ እስኪችል ድረስ ተተኩሶ፣ ተቀምጠው ነበር። ጎሚስታውም በነጭ እጃቸው አጠገባቸው ነበሩ። ዶክተሯ በግድግዳው ላይ ያንን የረጋ አንጀት አሳይታ ስታበቃ፣ «ይህ ውጤት የላይኛውን መደርደሪያ የጠበቁልኝ የእትዬ ሥራ ነው» ብላ ወደሳቸው አመለከተች። አዳራሹ አጨበጨበ። ሻለቃም ቆመው አጨበጨቡ፤ በወታደር ደንብ።

እትዬ በረኪና ጭብጨባው እስኪያልቅ በትዕግሥት ጠበቁና እጃቸውን አውጥተው ተነሱ።

«አንድ ማስተካከያ አለኝ» አሉ። «ዶክተርዬ የላይኞቹን ብቻ ነው የጠቀሰችው። መጀመሪያ ጊዜ ያበላሸሁባት አይጦችም አሉ፤ በዚያ በላይኛው መደርደሪያ ላይ አንድም ባክቴሪያ ሳላስተርፍ ያሳደግኳቸው። እነሱም ባይቆጡ ኖሮ ይሄ ነገር እንዲህ አይረጋገጥም ነበር፤ አይደለም እንዴ?»

«ነው እትዬ» አለች ዶክተሯ ከመድረኩ ላይ እየሳቀች።

«እንግዲያው በሚጻፈው ላይ በደንብ ይግባ። የረጉትም የኔ ናቸው፣ የተቆጡትም የኔ ናቸው» አሉና ጋዋናቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።